መንጃ ፈቃድ፣ ዕድሜና ልምድ፦ ጀማሪ አሽከርካሪን ከአደጋ የሚጠብቁ ደንቦች

መግቢያ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ያደረገው ዘገባ እንደሚያመለክተው በ2021 በመላው ዓለም 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከዚህም ውስጥ 92 በመቶው የደረሰው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ሕፃናትና ወጣቶች የትራፊክ አደጋ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ነው።

የጤና ባለሙያው ይህን እውነታ የሚያውቀው ከዘገባ ብቻ አይደለም። ጭንቅላቱ ወይም አከርካሪው ተጎድቶ በሌሊት ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል የሚገባው ታካሚ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት በፊት ሙሉ ጤነኛ የነበረ ወጣት ነው። ከዚያ በኋላ በቀዶ ሕክምናም ሆነ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚደረገው ጥረት ሁሉ አስቀድሞ መከላከል ይቻል የነበረውን ጉዳት ለማቃለል የሚደረግ ነው። በመሆኑም አንድ ሰው በስንት ዓመቱና በምን ሁኔታ መኪና እንዲነዳ ይፈቀድለት የሚለው ጥያቄ ለሕግ አውጪዎችና ለትራፊክ ፖሊስ ብቻ የሚተው አይደለም፤ የሕብረተሰብ ጤና ጥያቄም ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጀማሪ አሽከርካሪዎች ላይ አደጋ ለምን እንደሚበዛ፣ ልዩ ልዩ አገሮች ችግሩን ለመቀነስ ያወጧቸው ደንቦች ምን ውጤት እንዳስገኙ፣ እንዲሁም የጤና ባለሙያው በዚህ ረገድ ያለውን ድርሻ ማስረዳት ነው።

ዕድሜ ወይስ የልምድ ማነስ?

የትራፊክ አደጋን እንደ በሽታ ማጥናት እንደሚቻል በጉልህ ካሳዩት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ሃደን ናቸው። ሃደን እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ የተቋቋመውን የአውራ ጎዳና ደኅንነት መሥሪያ ቤት በኃላፊነት ከመሩ በኋላ ያቀረቡት ሠንጠረዥ አደጋን ከመድረሱ በፊት፣ በሚደርስበት ቅጽበትና ከደረሰ በኋላ በሚሉ ሦስት ጊዜያት ይከፍላል፤ በእያንዳንዱም ጊዜ የሰውን፣ የተሽከርካሪንና የአካባቢን ድርሻ ለይቶ ይመረምራል። በዚህ አመለካከት አደጋ የዕጣ ፈንታ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ መንስኤው ሊታወቅ፣ ሊለካና ሊከላከሉት የሚቻል ክስተት ይሆናል።

መንጃ ፈቃድን የሚመለከቱ ደንቦች የሚሠሩት በመጀመሪያው ጊዜ፣ ማለትም አደጋው ከመድረሱ በፊት ነው። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ መንስኤዎችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ለጋ ዕድሜ ነው። ስሜትን የሚገታው፣ የአንድን ድርጊት ውጤት አስቀድሞ የሚመዝነው የአንጎል የፊተኛው ክፍል ሙሉ በሙሉ የሚበስለው ከሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ በኋላ ነው። በመሆኑም የ16 ወይም የ17 ዓመት ወጣት እጁና ዓይኑ ቀልጣፋ ቢሆንም ፍጥነትንና አደጋን የሚገምትበት አእምሮ ገና በማደግ ላይ ነው። ሁለተኛው መንስኤ የልምድ ማነስ ሲሆን ይህ ከዕድሜ ጋር የግድ የተያያዘ አይደለም። በ35 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ የጨበጠ ሰውም ጀማሪ ነው።

ዝቅተኛውን የመንጃ ዕድሜ ከፍ ማድረግ የመጀመሪያውን ችግር ያቃልላል፤ ሁለተኛውን ግን አይፈታውም። 18 ዓመት የሞላው ወጣት ከ16 ዓመቱ ወጣት የበሰለ ነው፤ ሆኖም ብቻውን በሚነዳበት በመጀመሪያው ቀን የሁለቱም ልምድ ያው ነው። በደንብ አወጣጥ ረገድ የሚፈጸመው ዋነኛ ስሕተት ሁለቱን ችግሮች በአንድ የዕድሜ ቁጥር ለመፍታት መሞከር ነው።

አደጋው የሚበዛው መቼ ነው?

ተለማማጁ አጠገቡ ልምድ ያለው አሽከርካሪ ተቀምጦ በሚነዳበት ጊዜ የሚደርሰው አደጋ አነስተኛ ነው። ፈቃዱን ተቀብሎ ብቻውን መንዳት በጀመረበት ወር ግን የአደጋው ምጣኔ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ያሻቅባል። በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ውስጥ በፍጥነት ይወርድና ከዚያ በኋላ ለበርካታ ዓመታት ቀስ እያለ መቀነሱን ይቀጥላል። ይህ ሁኔታ በካናዳም ሆነ በሌሎች አገሮች በተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ ታይቷል። በስድስት ወር ውስጥ ሰው በዕድሜ ብዙም አይበስልም፤ ስለዚህ በእነዚህ ወራት የሚታየው ፈጣን መሻሻል በአብዛኛው የልምድ ውጤት ነው።

ልምድ ምንድን ነው ቢባል በቅድሚያ የዓይን አጠቃቀም ነው። ጀማሪ አሽከርካሪ ዓይኑን ከመኪናው አፍንጫ ብዙም ሳያርቅ በፊት ለፊቱ ይተክላል፤ መስተዋቱን የሚመለከተው አልፎ አልፎ ነው። ልምድ ያለው ሰው ግን ራቅ አድርጎ ያያል፤ ግራና ቀኙን ይቃኛል፤ ከቆመ አውቶቡስ ፊት ሕፃን ሊወጣ እንደሚችል ሕፃኑን ሳያይ ይገምታል። ከዚህም በላይ ፍሬን፣ ፍሪሲዮንና ማርሽ ለልምድ ባለቤቱ ያለ ሐሳብ የሚሠሩ ሲሆኑ የጀማሪውን ትኩረት ግን ይሻማሉ። ለመንገዱ የሚተርፈው ትኩረት ጥቂት ነው።

በዚህ ላይ ሌሎች ሸክሞች ሲጨመሩ አደጋው ይባባሳል። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ተሳፋሪዎች፦ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ የ16 ዓመት አሽከርካሪ ብቻውን ሲነዳ ካለው የሞት ሥጋት ጋር ሲነጻጸር አንድ ሰው ሲያሳፍር ሥጋቱ 1.39 እጥፍ፣ ሁለት ሲያሳፍር 1.86 እጥፍ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲያሳፍር 2.82 እጥፍ ይሆናል። ለ17 ዓመት አሽከርካሪዎች ደግሞ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል 1.48፣ 2.58 እና 3.07 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። አሽከርካሪው ጓደኞቹን ጭኖ ሲሄድ ትኩረቱ ይከፋፈላል፤ ችሎታውን ለማሳየትም ይገፋፋል።

ጨለማ፦ በሌሊት የእይታ ርቀት ያጥራል፤ ድካምና እንቅልፍ ይጫናል፤ ጠጥቶ የሚያሽከረክረውም ሰው ይበዛል። ለጀማሪ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚመጣ ፈተና ነው።

አልኮል፦ በደም ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን እኩል ቢሆን እንኳ ወጣቱ አሽከርካሪ ከጎልማሳው ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። በዚህም ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት ለአሽከርካሪዎች በአጠቃላይ በዴሲሊትር ደም ከ0.05 ግራም ያልበለጠ፣ ለወጣቶችና ለጀማሪዎች ደግሞ ከ0.02 ግራም ያልበለጠ ወሰን እንዲደነገግ ይመክራል።

ትምህርት ብቻውን ይበቃልን?

ለችግሩ መፍትሔ ሲፈለግ በመጀመሪያ ወደ ብዙዎች አእምሮ የሚመጣው ሥልጠናን ማብዛት ነው። ሐሳቡ ቀና ቢሆንም ማስረጃው እንደተጠበቀው አልሆነም። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ በጆርጂያ ክፍለ ሀገር በዲካልብ አውራጃ 16,000 ያህል ተማሪዎች በዕጣ ተመድበው ከፊሎቹ የተሟላ የመንዳት ትምህርት፣ ከፊሎቹ አጠር ያለ ሥልጠና ሲያገኙ የቀሩት በትምህርት ቤት ምንም ሥልጠና እንዳያገኙ ተደረገ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከታየው አነስተኛ ልዩነት በቀር የተሟላው ትምህርት ለረጅም ጊዜ የቆየ የአደጋ ቅነሳ አላስገኘም። የኮክሬን ተቋም በ2001 ያወጣው ግምገማም በትምህርት ቤት የሚሰጥ የመንዳት ትምህርት አደጋን ለመቀነሱ ማስረጃ አላገኘም፤ ይልቁንም ወጣቶች ፈቃድ ቶሎ እንዲያወጡ ያደርጋል የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሷል።

የካናዳዋ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ተሞክሮም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በኦንታሪዮ የተለማማጅነቱ ጊዜ 12 ወር ሲሆን የታወቀ ኮርስ ለወሰደ ሰው ወደ 8 ወር ዝቅ ይልለት ነበር። በ1998 የቀረበው ግምገማ ግን ኮርስ ወስደው ጊዜው ያጠረላቸው አሽከርካሪዎች ካልወሰዱት ይልቅ 45 በመቶ ያህል ከፍ ያለ የግጭት ምጣኔ እንደነበራቸው አመለከተ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሥልጠና ዋጋ የለውም የሚል አይደለም። የመኪናን አያያዝና የመንገድ ሕግን ለማወቅ ሥልጠና የግድ ነው። ሆኖም ሥልጠና ልምድን አይተካም፤ ልምድ የሚቀሰምበትን ጊዜ በኮርስ መግዛትም ጉዳት አለው።

ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ ፈቃድ

ሐኪም ሲሠለጥን የሚታየው አካሄድ እዚህ ላይ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። ተማሪው ፈተና ስላለፈ ብቻ በማግስቱ ለብቻው ቀዶ ሕክምና እንዲያካሂድ አይፈቀድለትም። መጀመሪያ ያያል፤ ቀጥሎ በአንጋፋው ሐኪም ዓይን ሥር ይሠራል፤ ከዚያም ቀላል ቀላሉን ለብቻው ይሠራል፤ ከባዱ የሚሰጠው በመጨረሻ ነው። በ1970ዎቹ በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ፓትሪሺያ ዎለር ያቀረቡት ሐሳብ ይኸው አካሄድ በመንገድ ላይ እንዲሠራበት የሚያደርግ ነበር። በሐሳቡ መሠረት ፈቃዱ በሦስት ደረጃ ይሰጣል። በመጀመሪያው ደረጃ ተለማማጁ የሚነዳው ልምድ ያለው አሽከርካሪ አጠገቡ ሲኖር ብቻ ነው። በሁለተኛው ብቻውን መንዳት ይፈቀድለታል፤ በሌሊትና ተሳፋሪ ጭኖ እንዳይነዳ ግን ይከለከላል። ሙሉ ፈቃድ የሚያገኘው በሦስተኛው ደረጃ ነው።

ይህን ሥርዓት በአገር አቀፍ ደረጃ በሙሉ ይዘቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ያዋለችው ኒውዚላንድ ስትሆን ጊዜውም ነሐሴ 1987 እ.ኤ.አ. ነው። በወቅቱ የአገሪቱ ዝቅተኛ የመንጃ ዕድሜ 15 ዓመት ነበር። ተለማማጁ ለስድስት ወር በተቆጣጣሪ ሥር ከነዳ በኋላ ተፈትኖ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይሸጋገራል። በዚህ ደረጃ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ብቻውን እንዳይነዳ፣ ተቆጣጣሪ ከሌለም ተሳፋሪ እንዳይጭን ተከለከለ። ደንቡ ከወጣ በኋላ በተደረገው ግምገማ ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ወጣቶች ላይ በመኪና አደጋ የሚደርሰው ጉዳት በ23 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የቅነሳው ከፊል ምክንያት ወጣቶች ከቀድሞው ያነሰ መንዳታቸው ነው፤ ይህም ቢሆን ለአደጋ መጋለጥን መቀነስ ስለሆነ ከመከላከል የሚቆጠር ነው። ኒውዚላንድ በነሐሴ 2011 ዝቅተኛውን ዕድሜ ወደ 16 ዓመት ከፍ አደረገች፤ ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በታች የሆኑ አሽከርካሪዎችም አንዳች አልኮል እንዳይቀምሱ ደነገገች። ይህ የሚያሳየው የዕድሜ ወሰንና የደረጃ ሥርዓት ተደጋጋፊ እንጂ ተተካኪ አለመሆናቸውን ነው።

በአሜሪካ የተሟላውን ሥርዓት ቀድማ የተቀበለችው በ1996 የፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር ስትሆን ሌሎቹም ተከትለዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በሚኖሩባቸው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተለማማጅ የልምምድ ፈቃዱን ቢያንስ ለ9 ወር መያዝ አለበት። ከዚህም ሌላ በሜሪላንድ 60 ሰዓት፣ በቨርጂኒያ 45 ሰዓት በተቆጣጣሪ ሥር መንዳቱ ተመዝግቦ መረጋገጥ ይኖርበታል። ከእነዚህ ሰዓታት የተወሰኑት በሌሊት የሚነዱ ናቸው። ሌሊት መንዳት አደገኛ የሆነበት ጀማሪ ሌሊቱን የሚለማመደው አዋቂ ሰው አጠገቡ እያለ ነው። በአብዛኛው ይህን የሚፈጽመውና በፊርማው የሚያረጋግጠው ወላጅ በመሆኑ ሕጉ ወላጅን የደኅንነቱ ዋነኛ ተካፋይ አድርጎታል።

የኮክሬን ተቋም በ2011 ባሳተመው ግምገማ ከአሜሪካ፣ ከካናዳ፣ ከኒውዚላንድና ከአውስትራሊያ የተሰበሰቡ 34 ጥናቶችን መርምሯል። ሥርዓቱ የወጣት አሽከርካሪዎችን ግጭት እንደሚቀንስ አረጋግጦ፣ በ16 ዓመት ወጣቶች ላይ በመጀመሪያው ዓመት የታየው የቅነሳ አማካይ እሴት ከሕዝብ ቁጥር አንጻር ሲሰላ 15.5 በመቶ መሆኑን ገልጿል።

የስዊድን ተሞክሮ፦ የመለማመጃ ዕድሜን ዝቅ ማድረግ

የዕድሜና የልምድ ልዩነት ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ሆኖ የወጣው በስዊድን ነው። ስዊድን በመስከረም 1993 እ.ኤ.አ. ልምምድ የሚጀመርበትን ዕድሜ ከ17 ዓመት ተኩል ወደ 16 ዝቅ አደረገች፤ ፈቃድ የሚሰጥበትን የ18 ዓመት ወሰን ግን አልነካችም። በዚህ መንገድ ወጣቱ ብቻውን ከመንዳቱ በፊት የሁለት ዓመት የልምምድ ጊዜ አገኘ። ዕድሉን የተጠቀሙት ወጣቶች ፈቃድ እስኪያገኙ ድረስ በአማካይ 118 ሰዓት ያህል ነድተዋል፤ ቀድሞ የነበረው ልምምድ 50 ሰዓት እንኳ አይሞላም ነበር። ፈቃድ ካገኙ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት የአደጋ ሥጋታቸው ከቀድሞዎቹ ጀማሪዎች 40 በመቶ ያህል ያነሰ ሆነ። ልምምዱን ቀደም ብለው የጀመሩት ወጣቶች በኑሮ ደረጃቸውም ከሌሎቹ የሚለዩ መሆናቸው ለውጤቱ የተወሰነ አስተዋጽኦ እንዳለው ተመራማሪዎቹ ጠቁመዋል፤ ከልምምዱ የተገኘው ጥቅም ግን ጎልቶ ታይቷል።

እንግዲህ "ዝቅተኛው የመንጃ ዕድሜ ስንት ይሁን?" የሚለው አንድ ጥያቄ በእውነቱ ሁለት ጥያቄ ነው። በአዋቂ ሥር መለማመድ የሚጀመርበት ዕድሜ አንድ ሲሆን ብቻን የሚነዳበት ዕድሜ ሌላ ነው። የሰውን ሕይወት የሚያድነው በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ርዝመትና በዚያ ጊዜ ውስጥ በእርግጥ የተነዳው ሰዓት ነው።

ከኢትዮጵያ ሁኔታ ጋር ሲገናዘብ

በኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074 አውቶሞቢል ለመንዳት 18 ዓመት መሙላትን፣ በማሠልጠኛ ተቋም መሠልጠንንና የጤንነት ማረጋገጫ ማቅረብን ይጠይቃል። ለከባድ ተሽከርካሪዎች ከፍ ያለ ዕድሜ መጠየቁ ራሱ የደረጃ በደረጃን መርሕ የተከተለ ነው።

የ18 ዓመት ወሰን ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ጥሩ ጥበቃ ነው። ሆኖም ከላይ እንደተብራራው ይህ ወሰን የሚፈታው የመጀመሪያውን ችግር ነው። በኢትዮጵያ መንዳት የሚጀምሩት የአሥራዎቹ ዕድሜ ወጣቶች ብቻ ሳይሆኑ ለሥራ ብለው ፈቃድ የሚያወጡ የሃያዎቹና የሠላሳዎቹ ዕድሜ ሰዎችም ናቸው። ዕድሜያቸው ቢበስልም ጀማሪነታቸው ያው ነው። ኦንታሪዮ የደረጃውን ሥርዓት በማናቸውም ዕድሜ ላይ ያለ ጀማሪ ሁሉ እንዲያልፍበት ያደረገችውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም ሌላ በኢትዮጵያ መንገድ ላይ የሚሞተው በብዛት አሽከርካሪው ራሱ ሳይሆን እግረኛውና ተሳፋሪው ነው። የጀማሪው ስሕተት የሚያርፈው ምንም ድርሻ በሌለው ሰው ላይ ስለሆነ ጉዳዩ የግል ነፃነት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

1. የጤንነት ምርመራው። ለመንጃ ፈቃድ የሚጠየቀው የጤንነት ማረጋገጫ ማኅተም የሚያርፍበት ወረቀት ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም። ለብዙ ወጣቶች ይህ ምርመራ ዓይናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታይበት አጋጣሚ ነው። ርቆ ያለን ነገር አጥርቶ ያለማየት ችግር በትምህርት ዕድሜ የሚጀምር በመሆኑ ወጣቱ ራሱ ሳያውቀው ሊኖርበት ይችላል። የስኔለን ሠንጠረዥ በ6 ሜትር ርቀት ላይ ተሰቅሎ እያንዳንዱ ዓይን ለየብቻው፣ ቀጥሎም ሁለቱ በአንድነት ሊለኩ ይገባል። የጎን እይታ በጣት እንቅስቃሴ ሊፈተሽ ይችላል፤ ዳፍንት መኖር አለመኖሩም በጥያቄ ይታወቃል። መነጽር የሚያስፈልገው ሰው መነጽሩን እንዲያደርግ ማድረግ አንድ ትምህርት ከመጨመር ይልቅ ፋይዳ ያለው ሊሆን ይችላል።

2. የሕመምና የመድኃኒት ታሪክ። የሚጥል በሽታ፣ ራስን መሳት፣ በኢንሱሊን የሚታከም የስኳር በሽታና ቀን ላይ የሚጥል እንቅልፍ በጥንቃቄ ሊጠየቁ ይገባል። ጥያቄው ታካሚው እውነቱን እንዳይደብቅ በሚያደርግ አክብሮት መቅረብ ይኖርበታል። እንደ ዳያዜፓም፣ ፊኖባርቢታል፣ አሚትሪፕቲሊንና ክሎርፌኒራሚን ያሉ መድኃኒቶች እንቅልፍ ስለሚያመጡ ባለሙያው መድኃኒቱን በሚያዝበት ጊዜ ታካሚው ይነዳ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ጫት እንቅልፍን ለጊዜው ቢያዘገይም ድካምን እንደማያስወግድም ሊነገረው ይገባል።

3. ለቤተሰብ የሚሰጥ ምክር። ሕግ ያላስገደደውን ቤተሰብ በራሱ ፈቃድ ሊደነግገው ይችላል። ጀማሪው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በሌሊት ብቻውን እንዳይነዳ፣ ጓደኞቹን ጭኖ እንዳይሄድ፣ ጠጥቶ እንዳይነዳ፣ ሲነዳ ስልክ እንዳይነካ፣ ቀበቶ ሳያስር ሞተር እንዳያስነሳ መስማማት ወጪ የማይጠይቅ መከላከያ ነው። ተሽከርካሪውን ለጀማሪ ሹፌር የሚያስረክብ ባለንብረትም መጀመሪያ አንጋፋ ሹፌር አጠገቡ እንዲቀመጥ፣ ቀጥሎ በቀንና በሚታወቅ መስመር ብቻ እንዲሠራ ሊያደርግ ይችላል።

4. መረጃ አያያዝ። በድንገተኛ ክፍል የሚሞላው የካርድ መዝገብ ብዙውን ጊዜ "የመኪና አደጋ" በሚሉ ሁለት ቃላት ይዘጋል። ተጎጂው አሽከርካሪ፣ ተሳፋሪ ወይስ እግረኛ እንደነበረ፣ አደጋው በስንት ሰዓት እንደደረሰ፣ ቀበቶ ወይም የራስ መከላከያ ቆብ መኖሩ፣ አሽከርካሪው ከሆነም ፈቃድ ካገኘ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ቢመዘገብ ደንብ አውጪው የሚመራበት ማስረጃ ይገኛል። የኒውዚላንድም ሆነ የስዊድን ደንብ ሊገመገም የቻለው ጉዳቱና ግጭቱ በወጉ ይመዘገብ ስለነበረ ነው።

ማጠቃለያ

ለጀማሪ አሽከርካሪ አደገኛው ጊዜ የልምምድ ዘመኑ ሳይሆን ፈቃዱን ተቀብሎ ብቻውን የሚወጣባቸው የመጀመሪያ ወራት ናቸው። ዝቅተኛ ዕድሜን መደንገግ አስፈላጊ ነው፤ በኮርስ ማሠልጠንም አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም በተቆጣጣሪ ሥር የሚገኘውን ረጅም ልምምድ፣ ከዚያም የሌሊትና የተሳፋሪ ገደብን አይተኩም። ደንቡ እስኪሟላ ድረስ ቤተሰብ፣ ባለንብረትና የጤና ባለሙያው በየፊናቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ነው። የጤንነት ማረጋገጫ ለመውሰድ የመጣ ወጣት ፊርማውን ይዞ ለመሄድ ይቸኩላል። ባለሙያው ዓይኑን በሠንጠረዡ ፊት ለመለካትና ስለ መጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ለመንገር የሚያውለው አሥር ደቂቃ፣ በኋላ በድንገተኛ ክፍል ሊያጠፋው ከሚችለው ሌሊት እጅግ ያጠረ ነው።